የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ጽሑፍ

በምርምር ሥራ ላይ ከተሠማሩ ሰዎች መካከል ብዙ ሠርተው ጥቂት የጻፉ፣ ጥቂት ሠርተውም ብዙ የጻፉ ሞልተዋል። የሠሩትን ያህል ጽፈው፣ የጻፉትንም በጊዜው ለፈታኞች አቅርበው ማዕረጉን የተቀበሉት ግን ከሁለቱም ያንሳሉ። የዶክትሬት ጥናት ጀምረው በመሥሪያ ቤት ሥራ፣ በቤተሰብ ኃላፊነትና በገንዘብ እጦት ምክንያት ጽሑፋቸው ሳይቋጭ በመሳቢያ ውስጥ የቀረባቸው የሙያ ባልደረቦች በየትም አገር አሉ። ስለ ማሪ ኩሪ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ሁለቱ የኖቤል ሽልማቶቿ ናቸው። ከ1897 እስከ 1903 የሠራችው አንድ የዶክትሬት ጽሑፍ ግን፣ እንዴት እንደ ተመረጠ፣ እንዴት እንደ ተመራና እንዴት እንደ ተጻፈ ለሚመረምረው ሰው ከሽልማቶቹ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አለው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያ ስክሎዶቭስካ የተወለደችው ኖቬምበር 7 ቀን 1867 በዋርሶ ከተማ ነው። ዋርሶ በዚያን ዘመን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበረች፤ የዩኒቨርሲቲውም በር ለሴቶች የተዘጋ ነበር። አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበር፤ እናቷ ግን ማሪያ ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለች በሳንባ ነቀርሳ ሞተችባት። ማሪያና ታላቅ እኅቷ ብሮኒያ ሁለቱም ፓሪስ ሄደው ለመማር ይመኙ ስለ ነበር፣ ገንዘቡ ለሁለት እንደማይበቃ ባዩ ጊዜ በመካከላቸው ስምምነት አደረጉ። ማሪያ በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና ተቀጥራ ለብሮኒያ የሕክምና ትምህርት ልትከፍል፣ ብሮኒያም ስትጨርስ በተራዋ ማሪያን ልትረዳ ተስማሙ። ማሪያ በዚህ ሥራ ዓመታት አሳለፈች። ቀን የሰው ልጅ እያስተማረች ሌሊት ለብቻዋ ሒሳብና ፊዚክስ ታነብ ነበር። ወደ ዋርሶ ከተመለሰች በኋላም የአጎቷ ልጅ ይመራው በነበረ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጇ ሙከራ ሠራች። ወደ ፓሪስ የተሳፈረችው በ1891 ነው።

በሶርቦን ያሳለፈችው የተማሪነት ዘመን የታወቀ ስለ ሆነ በሰፊው መተረኩ አያስፈልግም። በ1893 የፊዚክስን ዲግሪ ፈተና አንደኛ ሆና፣ በ1894 የሒሳብን ሁለተኛ ሆና አለፈች። በመካከሉ ከአገሯ 600 ሩብል የትምህርት ድጎማ አግኝታ ነበር። ይህ ገንዘብ በስጦታ የሚሰጥ እንጂ የሚመለስ አልነበረም። እርሷ ግን ከምርምር ሥራዋ ገቢ ማግኘት እንደ ጀመረች፣ ለሌላ ድሃ ተማሪ ይድረስ ብላ መለሰችው።

የምርምር ሥራ የጀመረችው በዶክትሬት ጥናት አልነበረም። የፈረንሳይን ብሔራዊ ኢንዱስትሪ ለማበረታታት የተቋቋመ ማኅበር የልዩ ልዩ ብረቶችን (አረብ ብረቶችን) የማግኔት ጠባይ እንድታጠና ክፍያ መድቦ ሥራ ሰጣት። ይህ ሥራ ለመሐንዲሶች ቅርብ የሆነ፣ ወሰኑ አስቀድሞ የታወቀና መጨረሻው በሪፖርት የሚዘጋ ነበር። በዚህ ጥናት ብዛት ያላቸው ናሙናዎችን በአንድ ዓይነት ዘዴ መለካትን፣ ውጤቱን በሠንጠረዥ ማስፈርንና ከአሠሪው ጋር በተቆረጠ ጊዜ ማስረከብን ተማረች። የኋላ ኋላ ዓለምን ያስደነቀው ጽሑፏ የቆመው በዚህ ተራ በሚመስል ልምምድ ላይ መሆኑን ብዙዎቹ የሕይወት ታሪኳ ጸሐፊዎች በችኮላ ያልፉታል።

ለብረቶቹ ጥናት የሚሆን ሥፍራ ስትፈልግ ነበር በ1894 የጸደይ ወራት ከፒዬር ኩሪ ጋር የተዋወቀችው። ፒዬር በፓሪስ ከተማ የኢንዱስትሪ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ከወንድሙ ከዣክ ጋር በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ በገጻቸው ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አግኝቶ ነበር፤ በማግኔት ላይ ያደረገው ምርምርም በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ የተከበረ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ግን የዶክትሬት ማዕረግ አልነበረውም። ሥራው ሞልቶ ተርፎ ሳለ አሰባስቦ ለማቅረብ ጊዜም ፍላጎትም አላሳየም። ደመወዙም ሆነ ሹመቱ በዚህ የተነሣ ወደ ኋላ ቀርቶበታል። ጽሑፉን አጠናቆ በማርች 1895 ለፈታኞች ያቀረበው በማሪያ ጉትጎታ ጭምር ነው፤ በዚያን ጊዜ 35 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ተጋቡ። ማሪያም ከዚያ በኋላ ማሪ ኩሪ ተባለች። ከባሏ ብዙ ነገር ተምራለች። ሠርቶ አለመጻፍን ግን አልተማረችም።

የመጀመሪያ ልጃቸው ኢሬን በሴፕቴምበር 1897 ተወለደች። የብረቶቹ ጥናት ሪፖርት የተጠናቀቀው በዚሁ ዓመት ነው። ማሪ የዶክትሬት ርእስ መፈለግ የጀመረችው እንግዲህ አራስ ሕፃን ይዛ ነበር። በፈረንሳይ አገር እስከዚያ ጊዜ ድረስ በፊዚክስ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘች ሴት ስላልነበረች ሊታይ የሚችል አርአያም አልነበራትም።

የርእሱ አመራረጥ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። በ1895 መጨረሻ ሮንትገን ኤክስሬይን ካገኘ በኋላ የየአገሩ ፊዚሲስቶች ሁሉ ወደዚያው ጎረፉ። በ1896 ብቻ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሺህ ያህል ጽሑፎች ታተሙ። በዚያው ዓመት ሄንሪ ቤክሬል ዩራኒየም ያለበት ጨው ብርሃን ሳያገኘው የፎቶግራፍ ሰሌዳን የሚያጠቁር ጨረር እንደሚያወጣና በዙሪያው ያለውን አየር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ወደዚህ ግን ፊቱን የመለሰ ሰው ጥቂት ነበር፤ ቤክሬል ራሱም ጥቂት ቆይቶ ወደ ሌላ ጥናት አዘነበለ። ማሪ የመረጠችው ይህን የተተወውን ነው። ለምርጫዋ ሦስት ተጨባጭ ምክንያቶች ነበሯት። በጉዳዩ ላይ የተጻፈው ጥቂት በመሆኑ ወራት በንባብ ሳያልፉ ወዲያውኑ ሙከራ መጀመር ይቻላል። ጥያቄው፣ ማለትም ይህን ጨረር የሚያወጣ ሌላ ነገር አለ ወይ፣ የሚያወጣስ ከሆነ በምን መጠን የሚለው፣ በቍጥር ሊመለስ የሚችል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመለካት የሚያስፈልገው መሣሪያ እቤቷ ነበር።

መሣሪያው የፒዬርና የዣክ የቀድሞ ግኝት ውጤት ነው። ዲያሜትራቸው 8 ሴንቲሜትር የሆነ ሁለት ክብ ሰሌዳዎች በ3 ሴንቲሜትር ርቀት ትይዩ ይቀመጣሉ። በታችኛው ላይ የሚመረመረው ነገር ዱቄት ይነሰነሳል፤ በሁለቱ መካከል በባትሪ የኤሌክትሪክ ግፊት ይሰጣል። ከዱቄቱ የሚወጣው ጨረር አየሩን አስተላላፊ ስለሚያደርገው እጅግ አነስተኛ የሆነ የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ ላይኛው ሰሌዳ ያልፋል። ይህን ፍሰት በቀጥታ ማንበብ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ በአንድ የኳርትዝ ልጥ ላይ ክብደት ቀስ በቀስ እየተንጠለጠለ ከእርሱ በሚገኘው ተቃራኒ ኤሌክትሪክ እንዲጣጣ ይደረጋል። የኤሌክትሮሜትሩ መርፌ ዜሮ ላይ እንደ ቆመ እንዲቆይ አንድ እጅ ክብደቱን ይቆጣጠራል፤ ሌላው እጅ የሰዓት መቁጠሪያውን ይይዛል። ማሪ ይህን አሠራር እስክትካን ድረስ ሳምንታት ወሰደባት። የተለካው ፍሰት በአምፔር መቶ ቢሊዮንኛ የሚቆጠር መሆኑን ለሚያስብ መሐንዲስ፣ እርጥበት በበዛበትና የመስተዋት ግድግዳ ባለው የምድር ቤት መጋዘን ውስጥ ይህን ማድረግ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ግልጽ ነው። የሙከራ መዝገቧ የተከፈተው በዲሴምበር 16 ቀን 1897 ነው። በፌብሩዋሪ 1898 አንድ ቀን የክፍሉን ሙቀት 6.25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብላ መዝግባዋለች።

ይህ መዝገብ የጽሑፉ እውነተኛ መሠረት ነበር። በየቀኑ የተሠራው፣ የከሸፈው ሙከራና የመሣሪያው ብልሽት ሳይቀር በዕለቱ ይጻፍበት ነበር። ማሪ የቤት ወጪዋን በሌላ ደብተር፣ የኢሬንን ክብደትና የጥርሷን አበቃቀል በሌላ ደብተር ትጽፍ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በማስታወስ ላይ ምንም ነገር የማይጥል ሰው ጠባይ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ጽሑፉን ለመጻፍ በተቀመጠች ጊዜ ሠንጠረዦቹ በእጇ ነበሩ። ያለፈውን ሙከራ ለማስታወስ ወይም ለመድገም የጠፋ ጊዜ አልነበረም።

በመጀመሪያ ያገኘችው ነገር የጨረሩ ኃይል በናሙናው ውስጥ ካለው የዩራኒየም መጠን ጋር ብቻ የሚመጣጠን መሆኑን ነው። ጨዉ እርጥብ ቢሆን፣ ቢደርቅ፣ ብርሃን ቢያገኝ፣ ከሌላ ነገር ጋር ቢዋሐድ ለውጥ የለውም። ከዚህም በመነሣት ጠባዩ የሞለኪውሎች አደረጃጀት ሳይሆን የአቶሙ የራሱ መሆን አለበት ወደሚል አስተሳሰብ ደረሰች። ቀጥላም በእጇ የገባውን ማዕድን ሁሉ መለካት ጀመረች። የዩራኒየም ብረት 2.3 ሲያሳይ፣ ከዮሐንጌኦርገንሽታት የመጣው ፒችብሌንድ የተባለው ማዕድን 8.3፣ ካልኮላይት የተባለው ደግሞ 5.2 አሳየ። በውስጣቸው ያለው ዩራኒየም ከንጹሑ ብረት ያነሰ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ቍጥር መገኘት አልነበረበትም። ብዙ ተማሪ በዚህ ቦታ ላይ መሣሪያውን ይጠራጠራል፤ ወይም ቍጥሩን እንዳላየ ያልፈዋል። እርሷ ልኬቱን ደግማ ደጋግማ አረጋገጠች። ከዚያም ካልኮላይትን ከንጹሕ ቅመሞች ራሷ ሠርታ ለካችው። በእጅ የተሠራው ካልኮላይት ከዩራኒየሙ ብረት ሁለት ተኩል ጊዜ ያነሰ፣ ማለትም ከጥንቅሩ የሚጠበቀውን ያህል ብቻ አሳየ። ስለዚህ ከምድር በወጣው ማዕድን ውስጥ እስከዚያ ያልታወቀ፣ መጠኑ ጥቂት ኃይሉ ግን ብዙ የሆነ ሌላ ንጥረ ነገር አለ ማለት ነው። በአንድ ቀላል ማነጻጸሪያ ሙከራ ሙሉው ጥናት አቅጣጫውን ለወጠ።

ይህን ውጤት ለማሳወቅ አልዘገየችም። ሁለቱም የአካዳሚው አባላት ስላልነበሩ፣ አስተማሪዋ የነበረው ገብርኤል ሊፕማን በኤፕሪል 12 ቀን 1898 በስሟ አጭር ማስታወቂያ አቀረበላት። የመቸኮሏ ምክንያት ከንቱ ውዳሴ አልነበረም። ሲልቫኑስ ቶምሰን የተባለ እንግሊዛዊ የዩራኒየሙን ጨረር ከቤክሬል ጋር በአንድ ሰሞን አይቶት ነበር፤ ነገር ግን ቤክሬል ቀድሞ በማሳተሙ ስሙ ተረስቷል። ማሪ ራሷም ቶሪየም እንደ ዩራኒየም ጨረር እንደሚያወጣ ስታገኝ፣ ሽሚት የተባለው ጀርመናዊ ጥቂት ሳምንታት ቀድሟት እንደ ነበረ ቆይታ ተረዳች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ውጤት እንደ በሰለ ወዲያው በሁለትና ሦስት ገጽ ማስታወቂያ ይወጣ ጀመር። በጁላይ 1898 ፖሎኒየም፣ በዲሴምበር 26 ቀን 1898 ራዲየም ታወጁ። የዶክትሬቱ ጽሑፍ በ1903 ሲወጣ ብዙው ክፍል በሌሎች ሊቃውንት ዓይን ሥር ያለፈና የተተቸ ነበር። ፈታኞቹም አዲስ ነገር ሊፈትሹ ሳይሆን የሚያውቁትን ሥራ በአንድነት ተያይዞ ሊያዩት ተቀመጡ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1898 የጸደይ ወራት ጀምሮ ፒዬር የራሱን ጥናት ትቶ ከሚስቱ ጋር ሠራ። ይህም ለሥራው ትልቅ ኃይል ሲሆን ለዶክትሬቱ ግን አደጋ ነበር። ባልና ሚስት በአንድ ክፍል ሲሠሩ፣ ባልየውም የታወቀ ሊቅ ሲሆን፣ ሥራው የማን ነው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ በእርግጥም ተነሥቷል። ማሪ ይህን ያስተዋለች ይመስላል። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ በብቸኛ ስሟ አወጣች። የጋራ የሆነውን በጋራ ስም፣ ጉስታቭ ቤሞን በኬሚስትሪው ሲረዳቸው ደግሞ በሦስቱ ስም አወጡ። በጽሑፏም ውስጥ የእርሷን ድርሻ፣ ከፒዬር ጋር የሠራችውንና የሌሎችን ሥራ እየለየች አስቀመጠች። በሁለቱ መካከል የሥራ ክፍፍልም ነበር። ፒዬር ወደ ጨረሩ ፊዚካዊ ጠባይ ሲያተኩር እርሷ ኬሚስትሪውን፣ ማለትም አዲሱን ንጥረ ነገር ነጥሎ የማውጣቱን ከባድ ሥራ ያዘች።

ኬሚስቶች አንድን ንጥረ ነገር አለ ብለው የሚቀበሉት ሲታይ፣ ሲመዘንና የአቶም ክብደቱ ሲታወቅ ነው። ደማርሴ የተባለው የስፔክትሮስኮፕ ሊቅ አዲስ መስመር አይቶ ቢመሰክርም ራዲየም ገና በጠርሙስ ውስጥ የተጨመረ ነገር አልነበረም። ፒዬር ይህን ድካም ለሌላ ጊዜ ለማቆየት ያዘነብል ነበር። ማሪ ግን እምቢ አለች። በቦሄሚያ በዮአኪምስታል የሚገኘው የኦስትሪያ መንግሥት ማዕድን ማውጫ ዩራኒየሙን ለመስተዋት ማቅለሚያ እየወሰደ ቀሪውን ጉድፍ በጫካ ይጥለው ነበር። በቪየና አካዳሚ በኤድዋርድ ዙስ አማላጅነት ከዚህ ጉድፍ ጥድ ቅጠል ተቀላቅሎበት በጆንያ ወደ ፓሪስ ተላከላቸው። የሥራው ቦታ ቀድሞ የሕክምና ተማሪዎች አስከሬን ይመረምሩበት የነበረ፣ ጣራው የሚያፈስ፣ የጢስ መውጫ የሌለው አሮጌ ዳስ ነበር። ማሪ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ኪሎ የሚደርስ ማዕድን በትልቅ ድስት እየቀቀለች፣ ቁመቷን በሚያህል የብረት ዘንግ ስታማስል ትውል ነበር።

የሥራው ስልት ለመሐንዲስ ደስ የሚል ነው። ከአንድ ቶን ጉድፍ ብዙ ማጠብና ማጣራት ተደርጎለት፣ ከዩራኒየም 60 ጊዜ ያህል የሚበረታ 8 ኪሎ ግራም የሚሆን የባሪየምና የራዲየም ክሎራይድ ይገኛል። ሁለቱ እጅግ ተመሳሳይ ስለ ሆኑ በአንድ ጊዜ አይለያዩም። ድብልቁ በሙቅ ውሃ ሟምቶ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚረጋው ክሪስታል ከቀረው ፈሳሽ ይልቅ ራዲየም ይበዛበታል። ያ ክሪስታል እንደ ገና ይሟሟል፤ እንደ ገና ይረጋል፤ ይህ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ክፍልፋዩ በኤሌክትሮሜትሩ ይለካል፤ ኃይሉ የጨመረው ይያዛል፣ የቀነሰው ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለሳል። የፊዚክስ መሣሪያ የኬሚስትሪን ሥራ የመራበት አዲስ መንገድ ይህ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ከራዲየም ግኝት ያላነሰ ዋጋ ያለው ክፍልም ይኸው ነው። ከ1899 ጀምሮ አንድሬ ደቢየርን የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች በኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ በሰፊው እንዲሠሩ ስላደራጀ፣ ለማሪ የቀራት ረቂቁ የመጨረሻ ክፍል ሆነ። ለሌላ ሊሰጥ የሚችለውን ሥራ ቀደም ብላ ብትሰጥ ኖሮ ምናልባት አንድ ዓመት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጤናዋን ባተረፈች ነበር።

ለአቶም ክብደቱ የተደረጉት የመጀመሪያ ልኬቶች ከባሪየም ክብደት፣ ከ137፣ እምብዛም አይርቁም ነበር፤ ናሙናው አብዛኛው ባሪየም ነውና። ናሙናው በጠራ ቍጥር ክብደቱ ከፍ እያለ ሄደ። በጁላይ 1902 ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ በምትሆን ንጹሕ ራዲየም ክሎራይድ 225 የሚል ቍጥር አገኘች። ዛሬ የሚታወቀው 226 ነው። ጥናቱ ከተጀመረ አራት ዓመት ተኩል አልፎታል።

በእነዚህ ዓመታት የቤተሰቡ ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ኢሬንን የሚጠብቀው የፒዬር አባት ዶክተር ኩሪ ነበር፤ ሽማግሌው ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ከልጃቸው ጋር መኖር ጀምረው ነበር። እርሳቸው ባይኖሩ ጽሑፉ መቼ እንደሚያልቅ መገመት ያስቸግራል። ከ1900 ጀምሮ ማሪ በሴቭር የሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ የፊዚክስ አስተማሪ ሆና ተቀጠረች። የመመላለሱና የማስተማር ዝግጅቱ ጊዜ ከቤተ ሙከራው የተቀነሰ ነው። ሰውነቷ ከሳ፤ በሜይ 1902 አባቷ ሞተባት።

የ225 ቍጥር በተገኘ ጊዜ ማሪ ቆመች። ሥራው አልቆ ስለ ነበር አይደለም። ፖሎኒየም ገና በንጹሕነት አልተለየም፤ ራዲየምም እንደ ብረት አልወጣም፤ የጨረሩ ኃይል ምንጭ ምን እንደ ሆነ እርሷ አልመለሰችውም። ነገር ግን በ1897 የተነሣው ጥያቄ መልስ አግኝቷል። የቀረው ለሌላ ጊዜና ለሌላ ጽሑፍ ተተወ። ጽሑፉ መቶ አርባ ገጽ ያህል ነው። መግቢያው ሥራው ከየት እንደ ተነሣና ማን ምን እንደ ሠራ ይናገራል። አንደኛው ምዕራፍ ስለ ዩራኒየም፣ ስለ ቶሪየምና ስለ ማዕድናቱ፣ ሁለተኛው ስለ አዲሶቹ ንጥረ ነገሮችና ስለ አወጣጣቸው፣ ሦስተኛው ስለ ጨረራቸው፣ አራተኛው ወደ ሌሎች ነገሮች ስለሚተላለፈው ጨረራዊነት ነው። ሙከራው በተሠራበት ቅደም ተከተል የተጻፈ ስለ ሆነ አንባቢው የጥያቄውን ጉዞ ይከተላል። ቋንቋው ደረቅ ነው፤ ያንን ዳስና ያንን ብርድ የሚያነሣ ዐረፍተ ነገር አይገኝበትም።

የጽሑፉ ደካማ ጎን መጨረሻው ላይ ነው። ራዘርፎርድና ሶዲ በ1902 አቶሞች እየተለወጡ ጨረር እንደሚያወጡ አስታውቀው ነበር። ማሪ ይህን በጥርጣሬ ታየዋለች፤ ኃይሉ ከውጭ ሊመጣ ይችላል የሚለውንም አማራጭ ትታ አልሄደችም። ጥንቃቄዋ ከስሕተት ጠብቋታል ማለት ይቻላል። ሆኖም አቶሙ ራሱ ነው ብላ በ1898 ከሌሎች ቀድማ የጠቆመች ሰው ትልቁን ማብራሪያ ለሌሎች መተዋ ያስቆጫል።

የቃል ፈተናው በሶርቦን ጁን 25 ቀን 1903 ተደረገ። ብሮኒያ ከፖላንድ መጥታ፣ እኅቷ ለዚህ ቀን አዲስ ጥቁር ልብስ እንድትገዛ አስገደደቻት። ፈታኞቹ ሊፕማን፣ ቡቲና ሟሳን ነበሩ። በአዳራሹ ውስጥ ፒዬር፣ አባቱና የሴቭር ተማሪዎቿ ተቀምጠዋል። በጥያቄና መልስ ረገድ በዚያች ክፍል ውስጥ ስለ ጉዳዩ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ማዕረጉም ከከፍተኛ ምስጋና ጋር ተሰጣት። ዕድሜዋ፣ ፒዬር ጽሑፉን ሲያቀርብ እንደ ነበረው፣ 35 ነበር። ማታ በፖል ላንዥቫን ቤት ግብዣ ተደረገ፤ በአጋጣሚ ፓሪስ የነበረው ራዘርፎርድም ተጋበዘ። በአትክልቱ ሥፍራ ጨለማ ውስጥ ፒዬር የራዲየም መፍትሔ ያለበትን የሚያበራ ብልቃጥ ከኪሱ አወጣ። ራዘርፎርድ በዚያ ብርሃን ያስተዋለው የፒዬር ጣቶች መቁሰላቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይነገራል። በኦገስት 1903 ማሪ ፅንስ ወረደባት። በዚያው ዓመት የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ግማሹ ለቤክሬል፣ ግማሹ ለኩሪዎች ተሰጠ። በመጀመሪያው የፈረንሳይ አካዳሚ አባላት የጥቆማ ደብዳቤ የእርሷ ስም አልነበረበትም፤ ከስዊድን ሚታግ ሌፍለር ለፒዬር ጽፎለት፣ ፒዬርም ሁለታችን አንድ ላይ እንታሰብ ብሎ ከመለሰ በኋላ ነው የገባው። በዚህ ጊዜ በብቸኛ ስሟ የወጣው የኤፕሪል 1898 ማስታወቂያና ታትሞ የተሠራጨው የዶክትሬት ጽሑፍ የድርሻዋ ግልጽ ማስረጃ ሆነው ቆሙ። ጽሑፉ ወደ እንግሊዝኛና ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ የዘመኑ የጨረር ተመራማሪዎች የሥራ መመሪያ ሆነ። የራዲየም አወጣጥ ስልቱ በባለቤትነት ሳይመዘገብ በዝርዝር ስለ ታተመ ፋብሪካዎች በነጻ ተጠቀሙበት።

ፒዬር በኤፕሪል 19 ቀን 1906 በፓሪስ መንገድ ላይ በጋሪ ተገጭቶ ሞተ። ማሪ በእርሱ ቦታ በሶርቦን አስተማሪ ሆነች። በ1910 ከደቢየርን ጋር ራዲየምን እንደ ብረት አወጣች፤ በ1911 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ብቻዋን ተቀበለች። ልጇ ኢሬን በ1925 በእናቷ ተቋም ውስጥ ስለ ፖሎኒየም ጨረር የሠራችውን የዶክትሬት ጽሑፍ በዚያው በሶርቦን አቀረበች። ማሪ ኩሪ ጁላይ 4 ቀን 1934 መቅኔዋ ደም ማምረት አቁሞ በ66 ዓመቷ ሞተች። ሐኪሞቹ ምክንያቱ ለረጅም ዓመታት የወሰደችው ጨረር መሆኑን ገመቱ። ከ1897 ጀምሮ የተጻፉት የሙከራ መዝገቦቿ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። በገጾቻቸው ላይ የቀረው የራዲየም ብናኝ ዛሬም በመሣሪያ ይለካል።